እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ እግር ሲያዝ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ (ከዚራ)፦ አባቴ 64 ዓመቱ ነው። ሲኒ ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ቁጭ ሲል ይተወዋል። ሰው ሁሉ ፓርኪንሰን ነው ይለናል።

መልስ፦ እንዳልከው ከሆነ አይመስልም። ፓርኪንሰን እንቅስቃሴን የሚያንቀራፍፍ የአንጎል በሽታ ነው፤ መንቀጥቀጡ የሚብሰው እጅ ሥራ ፈትቶ ጭን ላይ ሲያርፍ ነው። በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይመታል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ይጀምራል፤ ዕቃ ሲያነሱ ጋብ ይላል። ሲኒው ወደ አፍ ሲጠጋ የሚብሰው፣ ሁለቱንም እጅ የሚይዘው፣ አንዳንዴም ራስንና ድምፅን የሚያርገበግበው ኢሴንሻል ትሬመር ይባላል። በቤተሰብ ውስጥ ይወርዳልና አያት ወይም አጎት ላይ ታይቶ እንደሆነ ጠይቅ።

አባትህ ክንዳቸውን ሳያስደግፉ ወረቀት ላይ ከመሀል ወደ ውጭ እየሰፋ የሚዞር ጥምዝ መስመር ይሳሉ። መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ ኢሴንሻል ትሬመር ይጠረጠራል። ጥምዙ ደቃቃና የተጠጋጋ ከሆነ፣ የእጅ ጽሑፋቸውም እያነሰ ከሄደ፣ ወደ ፓርኪንሰን ያዘነብላል። ከዚያ አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን በፍጥነት 10 ጊዜ ያጋጩ፤ እንቅስቃሴው እየጠበበና እየዘገየ ከሄደ ለሐኪሙ ንገር። ለፓርኪንሰን ምርመራ የግድ የሚፈለገው ይህ መንቀርፈፍ እንጂ መንቀጥቀጡ አይደለም፤ ጨርሶ የማይንቀጠቀጡ ታማሚዎች አሉ። ሲራመዱ አንዱ እጅ አለመወዛወዙና የሚቆላ ቡና ሽታ አለመሰማቱም ይቆጠራል።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የአስም መድኃኒቱ ሳልቡታሞልና የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ቫልፕሮኤት እጅ ያንቀጠቅጣሉ፤ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛትም እንዲሁ። መንቀጥቀጡን የሚቀንሰው ፕሮፕራኖሎል ከታዘዘ አስም እንዳለባቸውና እንደሌለባቸው አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ጥያቄ (ሳቢያን)፦ አቦ፣ በርጫ ሲያልቅ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጫት ፓርኪንሰን ያመጣል እንዴ?

መልስ፦ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው። ማንም ሰው ያለበትን፣ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን መንቀጥቀጥ ያጎላዋል። በልተህ፣ ተኝተህ ስትነሳ መጥፋት አለበት፤ ሳትቅም በሰነበትክበት ሳምንትም ካለ ታየው። ምሥራቅ አውሮፓ ውስጥ ፓርኪንሰን መሰል ሕመም አመጣ የሚባለው ሌላ ነገር ነው። እዚያ ሰዎች ሜትካቲኖን የተባለውን ሰው ሠራሽ የካቲኖን ዘመድ በፖታሲየም ፐርማንጋኔት እየሠሩ በደም ሥር ይወጉት ነበር፤ ጎጂው ውስጡ የቀረው ማንጋኒዝ የተባለ ብረት ነው። ቅጠሉን አይመለከትም።

ጥያቄ (ሐረር፣ ሸንኮር)፦ እናቴ ሌቮዶፓ የተባለውን የፓርኪንሰን መድኃኒት ጀምራለች። ጠዋት ይሠራላታል፤ ከምሳ በኋላ ግን እንደ ግንድ ትደርቃለች። ጾም ላይ ናት፣ ሥጋ እንኳ አትቀምስም።

መልስ፦ ሽሮና ምስርም ፕሮቲን ናቸው። ሌቮዶፓ ራሱ እንደ ፕሮቲን መገንቢያዎቹ አሚኖ አሲድ ስለሆነ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል የሚሻገረው ከምግብ ፕሮቲን ጋር በአንድ በር ነው። በሩ ላይ ወረፋ ሲበዛ ክኒኑ ይቀራል። ስለዚህ ከምግብ 30 ደቂቃ ቀደም ብለው፣ ካልሆነም ከበሉ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቆይተው በውሃ ይውሰዱት፤ ከበድ ያለው ፕሮቲን ወደ እራት ይዛወር። የብረት ክኒን የሚወስዱ ከሆነም ሰዓቱ ይራራቅ።

መጀመሪያ ላይ ካቅለሸለሻቸው በቁራሽ ቂጣ መውሰድ ይቻላል። ለማቅለሽለሹ ሜቶክሎፕራማይድ እንዳይሰጣቸው፤ እንቅስቃሴን የሚያግዘውንና በበሽታው የሚያንሰውን የአንጎል ኬሚካል፣ ዶፓሚንን፣ ስለሚዘጋ በሽታውን ያባብሰዋል። መጠኑን በራሳችሁ አትጨምሩ። ሌቮዶፓ ጥቅም ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1967 ኮትዚያስ የተባለ ሐኪም በትንሹ ጀምሮ ቀስ እያለ መጨመር እንደሚሠራ ካሳየ በኋላ ነው። በድንገት ማቋረጥም ከባድ ግትርነትና ትኩሳት ያመጣል። የ3 ቀን መዝገብ ያዙ፦ ክኒን የወሰዱበት ሰዓት፣ የበሉበት ሰዓት፣ የተያዙበት ሰዓት። ለሐኪሙ ከብዙ ወሬ ይህች ወረቀት ትሻላለች።

ጥያቄ (መጋላ)፦ ፉል ክኒኑን ይተካል ይላሉ።

መልስ፦ መነሻው እውነት ነው። ጉገንሃይም የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1913 ሌቮዶፓን የለየው ከባቄላ ነው፤ 2.5 ግራም ዋጠና አስታወከ። ነገር ግን ንጥረ ነገሩ የሚበዛው በእሸቱና በቡቃያው ነው፤ የደረቀው የፉል ባቄላ በጣም ትንሽ ነው ያለው። መጠኑ አይታወቅም፣ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ እንዳይባክን ከክኒኑ ጋር የሚቀላቀለው ካርቢዶፓም የለበትም፤ በዚያ ላይ ፉል ፕሮቲን ነው። ለጣዕሙ ይበላ።

ጥያቄ (ሐረር)፦ የሐረር ቡናስ ይከላከላል?

መልስ፦ ወደ 8,000 የሚጠጉ ጃፓን አሜሪካውያን ወንዶችን 30 ዓመት ገደማ የተከታተለው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የሆኖሉሉ ጥናት ቡና የማይጠጡት አብዝተው ከሚጠጡት በ5 እጥፍ ገደማ በፓርኪንሰን እንደተያዙ አሳይቷል። ያ ዝምድና እንጂ ምክንያትነቱ የተረጋገጠ አይደለም። ለታመሙ ሰዎች በቀን ሁለቴ 200 ሚሊግራም ካፌይን የሰጠው የ2017 ሙከራ እንቅስቃሴያቸውን አላሻሻለም።

ጥያቄ (ጀጎል)፦ አያቴ በጠባቡ መንገድና በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት ላይ ይጣበቃል።

መልስ፦ እጃቸውን አትጎትቱ፤ እግር ሳይነሳ ገላ ይቀድምና ይወድቃሉ። ቆም ይበሉ፣ ክብደታቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዙ፣ ከዚያ ትልቅ እርምጃ ያንሱ። ቤት ውስጥ፣ በበሩና በመታጠፊያው ላይ የወለሉን ቀለም የሚቃረን ፕላስተር ከ40 እስከ 50 ሳንቲሜትር እያራራቃችሁ ለጥፉ። መስመሩ መንገዱን የሚያቋርጥ ይሁን፤ በቁመት የተለጠፈ አይረዳም። ሲዞሩ በአንድ እግር ከመሽከርከር ሰፋ አድርገው ይዙሩ። ሲራመዱ ወሬ አታስጀምሯቸው።

ጥያቄ (ለገሃሬ)፦ የእህቴ ልጅ ለማስታወክ መርፌ ተወግታ በማግስቱ አንገቷ ተጠመዘዘ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ። ጎረቤት ልክፍት ነው አለ።

መልስ፦ የመርፌውን ስም ይዛችሁ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የማስታወክ መድኃኒቱ ሜቶክሎፕራማይድና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱ ሃሎፔሪዶል በተለይ በወጣቶች ላይ ይህን ያደርጋሉ፤ ተገቢው ማርከሻ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። ስሙን ጽፋችሁ አኑሩ፤ ዳግመኛ አይሰጣት።

ጥያቄ (ገንደ ቆሬ)፦ የ8 ዓመት ልጄ ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፣ ኳስ ይስታል፣ ይደናቀፋል። ትምህርቱ ግን ደህና ነው።

መልስ፦ የእንቅስቃሴ ቅንጅት እድገት ችግር ሊሆን ይችላል፤ ከትምህርት ቤት ልጆች ከ5 እስከ 6 በመቶው አለበት። ስንፍና አይደለም። የተሻለ የሚሠራው አጠቃላይ ስፖርት ሳይሆን የቸገረውን ራሱን ማለማመድ ነው፦ ዓላማውን እሱ ይምረጥ፣ እንዴት እንደሚያደርገው ይናገር፣ ይሞክር፣ የት እንደሳተ ራሱ ይፈትሽ። በትልቅ ቁልፍ፣ ሸሚዙን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይጀምር፤ ከዚያ ለብሶት።

የሚችለውን ነገር እያጣ ከሄደ፣ ከመሬት ሲነሳ እጁን ጭኑ ላይ እየደገፈ ከወጣ፣ ወይም ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ እግሩ ከተጣመመ ግን አትጠብቂ። የጉሮሮ ሕመም ታሞ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እጁና ፊቱ ያለ ፈቃዱ መወራጨት ከጀመረም የቁርጥማት ትኩሳት ሊሆን ስለሚችል ልቡ ጭምር ይታይ።