«ምላስሽን አውጪ» ሳልላት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ሐኪም ደወለልኝ። «ዶክተር፣ አንገቷ መሃል ላይ ያበጠባት የ4 ዓመት ልጅ መጥታለች። መግል ይመስላል። ልክፈተው?» አለኝ። «እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩ። ደነገጠ መሰለኝ። የጮህኩት ግን በእሱ ላይ አልነበረም።

ወጣት እያለሁ ፒያሳ አካባቢ ክሊኒክ ውስጥ እሠራ ነበር። አትክልት ተራ ያኔ ገና ከዚያ ሰፈር አልተነሳም ነበር። ጠዋት ጠዋት መንገዱ ሁሉ ጎመንና ጭቃ ነው። አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ልጇን አዝላ መጣች። የልጅቷ አንገት ልክ መሃሉ ላይ ቀልቶ አብጧል። ትኩሳትም አላት። መግል ነው ብዬ በምላጭ ከፈትኩት፣ አፈሰስኩት፣ አሽጌ ሸኘኋቸው። ፈጣን ነኝ ብዬ ኮርቼም ነበር።

ከወር በኋላ ተመለሱ። ቁስሉ አልደረቀም። በቀዳዳው ንፍጥ የመሰለ ፈሳሽ ይወርዳል። እናትየው የልጇን አንገት በነጠላ ሸፍናዋለች። «ዶክተር፣ ምን አጥፍቼ ይሆን? በደንብ ሳላጥብላት ቀርቼ ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እያወቅኩ ዝም አልኩ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ከምላጩ ይልቅ ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ታይሮይድ ዕጢ በጽንስነት ጊዜ ከምላስ ሥር ተነስቶ ነው ወደ አንገት የሚወርደው። የወረደበት መንገድ ሳይጠፋ ከቀረ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል፤ ታይሮግሎሳል ከረጢት ይባላል። ስለዚህ ልጁ ሲውጥ ወይም ምላሱን ሲያወጣ እብጠቱ ወደ ላይ ይሳባል። «ምላስሽን አውጪ» ብላት ኖሮ ይበቃ ነበር። በአገራችን አንገት ላይ ያበጠ ሁሉ ወይ እንቅርት ወይ የቲቢ ዕጢ ይባላል። ከመሃል ይልቅ ጎን ላይ የሚወጣ፣ አብሮ የሚወለድ ከረጢትም አለ፤ እሱም እንደ ቲቢ ሲታከም አይቻለሁ።

የመሃሉ ከረጢት ከቀላ መጀመሪያ መድኃኒት ስጡ፣ መግል ከቋጠረም በመርፌ መምጠጡ ይሻላል። ቀዶ ጥገናው ሲበርድ ይደርሳል። ሲስትረንክ የተባለው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1920 እንደጻፈው፣ ከከረጢቱ ጋር የሃዮይድ አጥንት (ከምላስ ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት) መሃልና እስከ ምላስ ሥር ያለው መንገድ አብሮ ይወጣል። ከረጢቱን ብቻ ካወጣችሁ ግማሽ ያህሉ ይመለሳል።

የዛሬ ወጣት ሐኪሞች ከእኛ በላይ ታነባላችሁ። ግን ልጁን ሳትዳስሱ ወደ አልትራሳውንድ ትልካላችሁ፤ ይሄ ያናድደኛል። ለዚህኛው ግን አልትራሳውንድ የግድ ነው። አንዳንዴ ልጁ ያለው ታይሮይድ እብጠቱ ውስጥ ያለው ብቻ ይሆናል። ቆርጣችሁ ካወጣችሁት ዕድሜ ልኩን የታይሮይድ ኪኒን ይውጣል።

ወጣቱ ሐኪም ማታ መልሶ ደወለልኝ። «ምላሷን ስታወጣ ከፍ አለ» አለኝ። «እናትየውስ?» አልኩት። «ውጭ ተቀምጣለች።» «ሂድና አብሯት የተወለደ ነገር ነው፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም በላት» አልኩት።