መያዣው የሚነቀለው ብሎኬቱ ባዶ ስለሆነ ነው

ጥያቄ፦ እናቴ 76 ዓመታቸው ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አብረን ነው የምንኖረው። ከሽንት ቤት መቀመጫው ሲነሱ እንዲይዙት ብዬ የስቴንለስ መያዣ አስገጠምኩ። በሁለት ወሩ ተነቃነቀ። አንድ ሠራተኛ ቀዳዳውን በጀሶ ሞልቶ መልሶ አሰረው። አሁን ብሎኑን ሳጠብቀው ዝም ብሎ ይሽከረከራል፤ ግራጫ ዱቄትም ይረግፋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዛሬውኑ ንቀለው። እዚያ ካለ መያዛቸው አይቀርም።

ግድግዳህን ሳላየው እወራረዳለሁ፤ ፊሸሩ (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) ያረፈው የብሎኬቱ ክፍተት ላይ ነው። አንኳኳው፤ እንደ ከበሮ ይጮሃል። ብሎኬት ፊትና ጀርባው ስስ፣ ሆዱ ባዶ ነው። ፊሸር ደግሞ የሚይዘው ብሎኑ ሲገባበት አብጦ ዙሪያውን የሚገፋው ነገር ሲያገኝ ነው። ያንተው አንገቱ ላይ ብቻ ነው የነከሰው፤ የቀረው አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ፎጣ ቢሰቀልበት ዘላለም ይኖራል። ሰው ሲነሳ ግን ወደ ታች ብቻ አይጫንም፤ ወደ ራሱም ይስባል። መያዣው ከግድግዳው ወጣ ስላለ እንደ ዲጂኖ ይፈነቅላል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ብሎኬቱ ይፈጫል። ያ ግራጫ ዱቄት እሱ ነው።

ጀሶው ግን አናደደኝ። ሻወር ቤት ውስጥ ጀሶ! ውሃ ሲነካው ገንፎ ነው። የመያዣው እግር በአውራ ጣት የሚታጠፍ ላሜራ ከሆነም ጣለው። በጎማ የሚለጠፈውንማ ስሙን አታንሳብኝ።

ፑንታህ (የድሪሉ መብሻ ጫፍ) ግድግዳውን ከመንካቱ በፊት ዋናውን ብሬከር አውርድ። የቦይለሩ ገመድ በዚያው ግድግዳ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። በባትሪ ድሪል ሥራ፤ ከሌለህ ተዋስ።

ከጀርባው የራስህ ክፍል ከሆነ ግድግዳውን በስተህ አሳልፍ። የድሪሉን መዶሻ አጥፋ፤ ሴራሚኩ ይሰነጠቃል። ባለ 10 ሚሊ ረጅም ብሎን አስገባ። በወዲያኛው በኩል 10 በ10 ሳንቲም የሆነ፣ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት አድርግና በሮንዴላ (ክብ የብረት ማስደገፊያ) እና በዳዶ (ብሎኑን የሚያስረው ብረት) እሰር። ብረቱ መኝታ ቤት ውስጥ ያስጠላል፤ ቀለም ቀባው። የጎረቤት ግድግዳ ከሆነ ግን ሴራሚኩን አንሳ፣ የብሎኬቱን ፊት ስበር፣ ሆዱን በኮንክሪት ሙላና ብሎኑን እዚያው ቅበር። ሳምንት ሳይሞላው አትንካው።

ቁመቱን ከእኔ አትጠይቅ። እናትህን መቀመጫው ላይ አስቀምጠህ እጃቸው በተፈጥሮ የሚያርፍበትን ምልክት አድርግ። በመያዣውና በግድግዳው መሀል 4 ሳንቲም ያህል ይኑር፤ ከሰፋ ክንዳቸው ሾልኮ ይገባል።

ደግሜ ልንገርህ፤ ብሬከር! ብሎኑ ገመድ ከቆረጠ አንተ ብትተርፍ እንኳ መያዣው ራሱ ኤሌክትሪክ ይሆናል። እሳቸው ደግሞ የሚይዙት በእርጥብ እጅ ነው። ስትጨርስ ብሬከሩን መልሰህ፣ ቦይለሩንም አብርተህ፣ መያዣውን ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በሚበራው ቴስተር ንካው። ካልበራ በሁለት እጅህ ይዘህ ሙሉ ክብደትህን ጣልበት። ጭራሽ ካልተነቃነቀ፣ ያኔ እናትህን ጥራቸው።