ግጭት ሳይኖር ሃይዌዩ ለምን ይቆማል?

«ማታ ከታይሰንስ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ ቤልትዌዩ ላይ አንድ ሰዓት ቆምኩ፤ መጨረሻ ላይ ግን ግጭትም ፖሊስም አላየሁም፤ ታዲያ ያቆመን ምንድን ነው?» ላልከው ወንድማችን። እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲን በሚዞረው ሃይዌይ፣ ቤልትዌዩ ላይ፣ ታክሲ ስነዳ 11 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እኔም ይኼንኑ እጠይቅ ነበር።

ያቆመህ ድልድዩ ነው። ፖቶማክ ወንዝን ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ወደሚያሻግረው ወደ አሜሪካን ሊጅን ድልድይ ስትጠጋ መጀመሪያ ከደለስ ኤርፖርት በኩል የሚመጣው መንገድ 267 ይገባብሃል፣ ቀጥሎ ጆርጅታውን ፓይክ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ስትደርስ ደግሞ ጂ ደብሊው ፓርክዌይ። የገባው ሁሉ ወደ ግራ ይጎትታል፣ ማዶ ወደ ክላራ ባርተን ፓርክዌይ የሚወጣው ደግሞ ወደ ቀኝ ይመጣል፣ ይኼ ሁሉ አጭር ቦታ ላይ ነው። በሌላ በኩል ልዙር ብትል በወንዙ ወደ ላይ፣ ሩቅ ፖይንት ኦፍ ሮክስ የሚባለው ቦታ ድረስ ድልድይ የለም። ተሻግረህ 270 ሃይዌይ ሲገነጠል መንገዱ ድንገት የሚከፈትልህም ለዚህ ነው።

ግን ድልድዩ ብቻውን አይደለም። አንድ ሌን በሰዓት ማሳለፍ የሚችለው 2,000 ገደማ መኪና ነው። በየሁለት ሴኮንዱ አንድ መኪና ማለት ነው። ልኩን ሲሞላ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። አንዱ ስልኩን አይቶ ቀና ሲል ፍሬን ይይዛል፣ ተለጥፎበት የሚነዳው የኋላው ጠንከር አድርጎ ይይዛል፣ ከሱ ኋላ ያለው ይብሳል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ግማሽ ማይል ወደ ኋላ ያለው ጭራሽ ይቆማል። የጀመረው ሰውዬ ያኔ ቤቱ ገብቷል። ጃፓኖች በ2008 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ዙሪያው 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ 22 መኪና አሰልፈው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ንዱ አሏቸው። መብራት የለ፣ መጋጠሚያ የለ። ብዙም ሳይቆይ መኪኖቹ መቆም ጀመሩ፤ መቆሙም እንደ ማዕበል ከመኪና ወደ መኪና ወደ ኋላ ይሄድ ነበር።

በጣም የሚያሳዝነኝ ደግሞ በወዲያኛው አቅጣጫ የፖሊስ መብራት ሲታይ ነው። የኛ መንገድ ምንም አልሆነም፤ ሰው ግን ሊያይ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ከኋላ ሺህ ሰው ይቆማል።

ከታች «ሌን ቢጨምሩስ?» ያላችሁ፣ ሂውስተን ከተማ ኬቲ ፍሪዌይ የሚባለውን ሃይዌይ በ2008 አስፍተው ሲጨርሱ የጎን መንገዱን ጨምሮ አንዳንድ ቦታ ላይ 26 ሌን ደረሰ። ጥቂት ዓመት ቀለል አለ፣ ከዚያ መኪናው ተመልሶ ሞላው። መንገዱ ሲመች ሰው ርቆ ቤት ይገዛል፣ ባቡሩን ይተዋል።

አንተ ማድረግ የምትችለው ከፊትህ ካለው መኪና ራቅ ማለት ነው። ሦስት ሴኮንድ ያህል ተው። ሰው ይገባብሃል፣ ይግባ። እሱ ሲያዘግም አንተ እግርህን ከነዳጁ ላይ ብቻ ታነሳለህ፣ ፍሬን አትነካም፣ ያ ማዕበል አንተ ጋ ሲደርስ ይደክማል። ሌንህ አልቆ ወደ ጎኑ ሌን ስትገባም (መርጅ ስታደርግ) ገና ሩቅ ሆነህ አትቁም፤ ሌኑ እስኪያልቅ ሂድና አንድ ካንተ አንድ ከነሱ ግቡ። አርብ ከሆነ ግን ሥራ ሳይወጣ ድልድዩን ተሻገር።