«ድንጋይ ለቅሞ ማን በላ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሽማን ነሽ። አባትሽ ፋርማሲ ይላሉ፤ አንቺ ግን የጥንት ሰዎች የአየር ንብረት ሲለወጥባቸው እንዴት እንደኖሩ ማጥናት ስለምትፈልጊ፣ ወደ ሶሻል ተዛውረሽ አርኪዮሎጂ ልትገቢ አስበሻል። አባትሽም «ድንጋይ ለቅሞ ማን በላ?» አሉሽ።

እኔ በልቻለሁ። ጂኦሎጂ ተምሬ 11 ዓመት በመንገድ ሥራ ላይ አፈርና ድንጋይ ስመረምር ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ አባባላቸው ትንሽ አናዶኛል።

በደመወዙ ነገር ግን አልተሳሳቱም። ለቁፋሮ ጥቂት ወር ተቀጥሮ የቀረውን ዓመት ቤት መቀመጥ አለ። የማልቀበለው «ወንድሞችሽን ታስተምሪያለሽ» የሚሉትን ነው። ልጅ ማስተማር የወላጅ ዕዳ ነው። ብትረጂ ደግ፤ ዲፓርትመንት ግን በወንድሞችሽ የትምህርት ክፍያ አይመረጥም።

በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ ብለሽ የጠቀስሽውን የሽንፋ ወንዝ ጥናት እስኪ እንደገና እዪው። ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች መተማ አካባቢ ወንዝ ዳር ሲኖሩ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሱማትራ ደሴት ላይ የቶባ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ይህ የታወቀው ከፀጉር የቀጠኑ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ስባሪዎች ከሰፈሩበት ቦታ አፈር ተለቅመው ኬሚካላዊ ይዘታቸው ሲመረመር ከቶባ ጋር ስለገጠመ ነው። አየሩ መድረቁን የመሰከረው በሰጎን እንቁላል ቅርፊት ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው። በዚያ ደረቅ ጊዜ ከተጣሉት አጥንቶች መካከል የዓሣው ድርሻ ጨመረ፤ ወንዙ እየተቆራረጠ ኩሬ ኩሬ ሲሆን ዓሣውን መያዝ ቀላል ነዋ! (የቆላ ልጅ ከሆንሽ ይህን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።)

ታዲያ አንቺን ያስደነቀሽን መልስ የሰጡት ብርጭቆ፣ ቅርፊትና ደለል ናቸው። ኬሚስትሪው እጅሽ ላይ እያለ ጥለሽው ልትሄጂ ነው? ጂኦሎጂ ምረጪ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን በደለል ላይ ሥሪ፤ አርኪዮሎጂውን በሁለተኛ ዲግሪ ትደርሺበታለሽ። እስከዚያ የውኃ ጉድጓድ ቁፋሮውም መንገዱም እንጀራ አለው።

እንግሊዝኛዬ ያሰጋኛል ላልሽው፣ እየጻፍሽ ይሻሻላል። ሴት ልጅ መስክ ላይ ድንኳን ውስጥ ማደሯን ለጠየቅሽው፣ እኔም አድሬያለሁ፤ ከማን ጋር እንደምትወጪ ቀድመሽ አጣሪ።

የመዛወሪያውን ቅጽ ገና ካላስገባሽ ተይው።