መልስ፦ ላይክ አለ፣ ገዢ የለም
«ለጫማ ገጼ በቀን 3 ጊዜ ፖስት አደርጋለሁ፤ ላይክ እንጂ ገዢ የለም» ላልሽው፦

እህቴ፣ መጀመሪያ «ለዋጋ ኢንቦክስ» የሚለውን ተዪው። እኔ ራሴ ዋጋ ካላየሁ አልፋለሁ።

ሶልሬብልስ የተባለውን የአገራችንን የጫማ ድርጅት አስቢ። ቤተልሔም ጥላሁን ከአዲስ አበባው ዘነበወርቅ ሰፈር ተነስታ ለዓለም የሸጠችው ጫማ ብቻ አይደለም። ሶሉ አሮጌ የመኪና ጎማ ነው፤ የእኛው በረባሶ። የሠራው የሰፈር ሰው ነው። ታሪኩ ከጫማው ጋር አብሮ ይሄዳል።

አንቺም ጫማ ሰፊውን አሳዪ፤ እጁን፣ መርፌውን፣ የተበላሸውን ጥንድ ጭምር። (ፈቃዱን ጠይቂ ታዲያ!) በዓል በመጣ ቁጥር ሎጎ ለጥፎ «እንኳን አደረሳችሁ» ማለቱን ግን ማንም ልብ አይለውም። ይልቅ ኮሜንት ለጻፈልሽ በስሙ እየጠራሽ መልሺ። በቀን 1 ፖስት ይበቃል፤ የተረፈውን ሰዓት ለዚያ ስጪው።