ገደሉ ፎቶው ውስጥ ለምን ጠፋ?

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች። በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት የማገለግል የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ላለፉት ሦስት ዓመታት ከዘመድ በገዛሁት ያገለገለ ካሜራ፣ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር በሚደርስ አንድ ሌንስ፣ በእሑድና በበዓል ቀን እየወጣሁ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ አነሣለሁ። ባለፈው ጥር ከባልደረባዬ ጋር ረፋድ ላይ ደብረ ሊባኖስ ደርሰን፣ በተለምዶ የፖርቱጋል ድልድይ ከሚባለው ቦታ አጠገብ ሆኜ ሸለቆውን ደጋግሜ አነሣሁት። አፋፉ ላይ ስቆም ጉልበቴ ይርድ ነበር። ቤት ገብቼ ሳየው ግን ገደሉ ግራጫ ሜዳ መስሎ አገኘሁት፤ ባለቤቴም ጥልቀቱን ጨርሶ ልታየው አልቻለችም። አሁን ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀምሁ ነው። ጉድለቱ የሌንሱ ነው ወይስ የእኔ? ከዚህም ሌላ የገበሬ ማሳና ደጅ በፎቶዬ ውስጥ ሲገባ ምን ማድረግ እንደሚገባኝ፣ በክረምትም ካሜራውን እንዴት እንደማስቀምጥ ብትነግሩኝ እወዳለሁ።

ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ገንዘብዎን ለጊዜው ያቆዩት። ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ እግርዎ ሥር ያለውን ድንጋይና ሣር አግዝፎ ሩቁን ገደል ያሳንሰዋል፤ ያንኑ ሸለቆ በእንዲህ ያለ ሌንስ ቢያነሡት፣ ያስፈራዎት ገደል በሰማይና በሣር መካከል የተሰመረ ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል። በእጅዎ ያለውን ሌንስ ሩቁን ወደሚያቀርብበት ጫፍ፣ እስከ 55 ሚሊሜትር ስበው፣ ሰማዩን ከፎቶው አስወጥተው፣ ከሸለቆው አንዱን ጎን ብቻ ያንሡ። አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ገደሉን በአንድ ጊዜ አያየውም፤ ዓይኑ ከእግሩ ሥር ተነሥቶ ወደ ታች እየወረደ፣ እየተመለሰ፣ እንደገና እየወረደ ነው ጥልቀቱን የሚለካው። ፎቶ የሚያይ ሰው ይህ ዕድል ስለሌለው፣ መጠኑን የሚያውቀው ነገር ሊሰጡት ይገባል። በማዶው እርከን ላይ ያለች ጎጆ፣ በቀጭን መንገድ የሚወርድ ሰው፣ ወይም በዚያ አካባቢ የማይጠፋው የጭላዳ መንጋ ለዚህ ይጠቅማል። ቦታውን መርጦ፣ ካሜራውን አዘጋጅቶ፣ ሰው እስኪያልፍ አንድ ሰዓት መጠበቅ የዚህ ሥራ ዋና ክፍል ነው፤ ደጋግሞ ከማንሣት ይልቅ መጠበቁ ፍሬ ይሰጣል ብለን እናምናለን።

ዋናው ምክንያት ግን የደረሱበት ሰዓት ነው። ብዙዎቹ የፎቶግራፍ መማሪያዎች የተጻፉት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለሚኖሩ ሰዎች በመሆኑ፣ ስለ ጠዋትና ስለ ማታ ብርሃን የሚሰጡት ምክር በእኛ አገር እንዳለ አይሠራም። ለንደን ላይ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ ከ15 ዲግሪ ብዙም ከፍ አትልም፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወጣና ያንኑ ከፍታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ገደማ ታልፈዋለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ደግሞ በቀትር ከአናታችን በላይ ትሆናለች። ገደል ገደል መስሎ የሚታየው በጥላው ነው። ብርሃኑ ከጎን ሲመታው እያንዳንዱ ስንጥቅና እርከን ጥላ ይጥላል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ጥላው ያጥራል፣ ድንጋዩም ይለሰልሳል። እርስዎ ረፋድ ላይ ሲደርሱ ያ ብርሃን ካለፈ ሰዓታት ተቆጥረው ነበር።

በጥር ደግሞ የበጋው አቧራና የማሳ ጭስ ሩቁን ያደበዝዘዋል። ፖላራይዘር የተባለው፣ ሌንሱ ፊት ተገጥሞ ነጸብራቅን የሚቀንስ ፊልተር በጥቂቱ ቢረዳም አቧራን ሊያጠፋ አይችልም። ሆኖም ይህ ጭጋግ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም፤ ንጋት ላይ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ሲያነሡ፣ ሸንተረሮቹ አንዱ ከሌላው እየደበዘዙ ተደራርበው ስለሚታዩ ርቀቱን ራሱ ጭጋጉ ይነግርዎታል። ጥርት ያለ አየር ከፈለጉ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ ካወረደ በኋላ ያሉት መስከረምና ጥቅምት ተመራጭ ናቸው።

ስለ ሰው ደጅና ማሳ ያነሡት ጥያቄ ከሌንሱ ይልቅ ደስ አሰኝቶናል። ለእርስዎ መልክዓ ምድር የሆነው ለሌላው ሰው ጓሮው ነውና፣ ካሜራውን ከቦርሳ ከማውጣትዎ በፊት ቀርበው ሰላምታ ይስጡ። በዚያ አካባቢ ኦሮምኛ ተናጋሪው ብዙ ስለሆነ «አካም ጅርቱ» ብሎ መጀመር መልካም ነው። ምን እንደሚያነሡ ይንገሩ፣ በካሜራው መስኮት ያሳዩ፣ አሳትሜ አመጣለሁ ካሉም የግድ ያምጡ፤ ቃሉን ያልጠበቀ ፎቶ አንሺ ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ በር ይዘጋል። በገዳሙ ቅጥር ውስጥ ከሆነ ግን ያለ ፈቃድ ፈጽሞ አያንሡ።

ለክረምቱ፣ ካሜራውን በቆዳ ማኅደር ውስጥ ከትተው ቁም ሳጥን ውስጥ አይተዉት፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ሌንሱ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋ ሻጋታ ይወልዳል። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጠውና ቀለም ከሚቀይረው ሲሊካ ጄል ጋር ያስቀምጡት፤ ጄሉ ቀለሙን ሲቀይር እርጥበት ጠግቧልና አድርቀው ይመልሱት።

ወደ አዲስ ቦታ ከመሄድዎ በፊት ወደዚያው አፋፍ እንዲመለሱ እንመክርዎታለን። ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው እሑድ፣ የመንገዱን ሁኔታ አስቀድመው ጠይቀው፣ ዋዜማውን በአካባቢው አድረው፣ ከንጋቱ በ11 ሰዓት ተኩል በጥር በቆሙበት ቦታ ላይ ይገኙ። የጥሩንና የመስከረሙን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገው ቢልኩልን ደስ ይለናል።