መጀመሪያ አጠገቡ ተቀመጡ

ልጆቼ፣ በ1978 ዓ.ም. በነርስነት ተመርቄ ሥራ ስጀምር ነጩን ጋዋን ከለበስኩ የማልችለው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። መርፌ መውጋት፣ ግሉኮስ መሰካት፣ ቁስል ማጠብ ተምሬያለሁ። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ሳይ ምን እንደማደርግ ግን ያስተማረኝ የለም። ስለዚህ ሁሉም የሚያደርገውን አደርግ ነበር። "አይዞሽ፣ ምንም አይሆንም" ብዬ ፈጠን ፈጠን እያልኩ አልፋለሁ።

አንድ ሌሊት ተረኛ ነኝ። ባሏ በጠና የታመመባት ልጅ እግር ሴት በር ላይ ክንዴን ያዘችኝ። "ይተርፍልኛል ሲስተር?" አለች። "ምንም አይሆንም፣ ሂጂና ጋደም በይ" አልኳት። ሄዳ ተኛች። ሊነጋ ሲል ባሏ አረፈ። አርባው ካለፈ በኋላ ወረቀት ልታስጨርስ መጥታ ደጅ ላይ ተገናኘን። "ምንም አይሆንም ስላልሽኝ እኮ ነው የተኛሁት" አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"አይዞሽ" ጥሩ ቃል ነው፤ አልተጣላሁትም። ጥፋቱ ከኋላው የምንቀጥልለት ነገር ላይ ነው። የማናውቀውን ተስፋ እንሰጣለን። ለምን ቢባል፣ የሰውየውን ጭንቀት ማየት እኛን ስለሚያስጨንቀን ቶሎ እንዲያበቃልን ነው።

ይህን ሥራ ያስተማረችኝ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ከመርሃቤቴ የመጡ አዛውንት ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ ተከናንበዋል፤ በእጃቸው የመድኃኒት ማዘዣ ይዘዋል። መድኃኒቱ እዚህ የለም፣ "ውጭ ይግዙ" ተብለዋል። ውጭ ማለት የት እንደሆነ የነገራቸው የለም። ሐኪሙም፣ እኔም፣ አስታማሚውም በላያቸው እየተሻገርን እናልፋለን። ልጅቷ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ከጎናቸው ተቀመጠች። ፊት ለፊት አይደለም፣ ጎን ለጎን። ብዙ ዝም አለች። በኋላ "አባባ፣ እህል ቀምሰዋል?" አለቻቸው። ስለ በሽታው አልጠየቀችም። ስለ ገንዘቡም አልጠየቀችም። ትንሽ ቆይተው እሳቸው ራሳቸው አወሩላት። ሻይ በዳቦ ካስቀመሰቻቸው በኋላ ማዘዣውን ይዛ አብራቸው እስከ ፋርማሲው ሄደች። ተመልሳም ወለሏን ወለወለች። አለቃዋ ዘገየሽ ብሎ ሲቆጣትም ሰምቻለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ከሌሎች ጋር ሆኖ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚባል መመሪያ አውጥቷል። ዋናው ነገር ሦስት ቃል ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሰውን ተናገር ብላችሁ አታስገድዱ፣ የውሸት ተስፋ አትስጡ፣ የራሳችሁን ችግር አታውሩበት ይላል። ሥልጠና ላይ ስሰማው ሳቄ መጣ። መወልወያዋ ነበር ትዝ ያለኝ።

የራስን ችግር አለማውራት ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኛ አገር ሰው ሲያለቅስ "የእኔን ብትሰሚ" የሚል ሁሌም አይጠፋም። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው እንላለን፤ እውነት ነው። ግን መድኃኒት መጠን አለው።

ሌላው ልማዳችን መክበብ ነው። አንዲት ሴት መንገድ ላይ ደንግጣ ስትቀመጥ ሃያ ሰው ይከባታል፤ ሃያውም "አየር ስጧት!" ይላል። ዞር የሚል ግን የለም። ሰው ሲጨንቀው ትንፋሹ ይፈጥናል። በፍጥነት ሲተነፍስ ከደሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት ይወጣና ጣቱ ይነዝረዋል፣ ራሱን ያዞረዋል። ያኔ የሚሞት ይመስለዋል። እናንተ ዝቅ ብላችሁ ቀስ እያላችሁ ተንፍሱ፤ አየሩን ስታወጡ ረዘም አድርጉት። ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ይከተላችኋል። ደረቱን ካመመው፣ ራሱን ከሳተ ወይም ካልተሻለው ግን ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ክብሪት ለኩሶ ማሽተትማ ተዉት፤ ለሚጥል በሽታም አልጠቀመም።

አንድ ነገር ላይ ዝምታ አይሠራም። ሰውየው "መኖር አስጠልቶኛል" ካለ በግልጽ "ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ስለጠየቃችሁት ሐሳቡ አይመጣበትም፤ ብዙዎች እንዲያውም እፎይ ይላሉ። ከዚያ ብቻውን አትተዉት። የሚያምነውን ዘመድ ጥሩለት፣ ወይም አብራችሁት ሆስፒታል ሂዱ። አማኑኤል ሆስፒታል የሚለውን ስም ሰምቶ ቢያፍር አትገረሙ፤ በስሙ ስንቀልድ የኖርነው እኛው ነን።

እኔ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ አጠገቤ አንዲት ወጣት ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ፊቷን አላየሁም። ሲያለቅሱ መታየት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ከቦርሳዬ ሶፍት አውጥቼ ጉልበቷ ላይ አደረግኩላት። "መስኮቱን ልክፈተው?" አልኳት፣ ራሷን ነቅንቃ እሺ አለች። ረዳቱ "ሒሳብ!" ሲል "የእሷንም ከዚሁ ያዝ" አልኩት። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ያለው መንገድ ደግሞ እንደምታውቁት ተዘጋግቶ ነበር፤ አብረን ዝም ብለን ተቀመጥን። መውረጃዋ ሲደርስ ተነሣች፣ ዞር ብላ አየችኝና ወረደች። ሶፍቱን ከነላስቲኩ ይዛው ሄደች።